ኮምፒዩተር ሲያስመስል እንዴት እንመነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የቆምነው በማኅበራችን የኮምፒዩተር ምሽት ላይ ስለምንሠራው አንድ ሥራ ልንነግራችሁ ነው። ሥራው በእንግሊዝኛ ሲሙሌሽን፣ በዕብራይስጥ ሲሙላጽያ ይባላል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ማስመሰል» ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። በቋንቋችን «አስመሳይ» መባል ስድብ እንጂ ምስጋና አይደለም። አስመሳይ ማለት ሳይወድ የሚወድ የሚመስል፣ ሳይጾም የጾመ የሚመስል ሰው ነው። ስለዚህ እናቶቻችን «ኮምፒዩተር ላይ ማስመሰል እየተማርን ነው» ስንላቸው «ይሄ ደግሞ ትምህርት ሆኖ ነው?» ብለው ቢስቁብን አይፈረድባቸውም።

ቃሉ ግን አንድ ጥሩ ጥያቄ ይዞልን መጥቷል። ነገሩ ማስመሰል መሆኑን እያወቅን፣ መቼ ነው ልናምነው የምንችለው? የኛ መልስ አጭር ነው። ውስጡን ከፍተን ማየት፣ ራሳችን ደግመን ማስላት ስንችል ነው። ይሄ እንዴት እንደሆነ ደግሞ ከምታውቁት ነገር፣ ከቡና ጀምረን እናስረዳለን።

ከጀበናው የተቀዳ አንድ ሲኒ ቡና አስቡ። ሙቀቱ 90 ዲግሪ ነው፤ ቤቱ ደግሞ 25 ዲግሪ ነው። ቡናው እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ከ10 ደቂቃ በኋላ ስንት ዲግሪ ይሆናል? ሳይንስ የሚነግረን ሕግ አለ። በቡናውና በቤቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲበዛ ቡናው በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ልዩነቱ ሲቀንስ እየዘገየ ይሄዳል። ለኛ ሲኒ የመቀዝቀዙ ፍጥነት በደቂቃ የልዩነቱ አንድ አሥረኛ ነው እንበል።

አሁን እናስላ። 90 ሲቀነስ 25፣ ልዩነቱ 65 ነው። አንድ አሥረኛው 6.5 ነው። ስለዚህ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቡናው 83.5 ዲግሪ ነው። አሁን ልዩነቱ 58.5 ሆኗል፤ አንድ አሥረኛው 5.85 ነው። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ቡናው 77.65 ዲግሪ ይሆናል። እንዲህ እያልን አሥር ጊዜ ብንሄድ 47.7 ዲግሪ ላይ እንደርሳለን። ሲሙሌሽን ማለት በመሠረቱ ይሄው ነው። አንድን ነገር የሚገዛውን ሕግ ወስዶ፣ ጊዜን በትንንሽ እርምጃ ከፋፍሎ፣ እርምጃ በእርምጃ ማስላት። ይሄ አሠራር በ18ኛው መቶ ዘመን በኖረው በስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ በሌዮንሃርድ ኦይለር ስም ይጠራል። ኮምፒዩተር ያመጣው አዲስ ነገር ፍጥነት ነው፤ አሥሩን እርምጃ ሚሊዮን ያደርገዋል፣ አይሰለቸውም።

ግን ልብ በሉ። ቡናው አንድ ደቂቃ ጠብቆ አይደለም የሚቀዘቅዘው። በየቅጽበቱ ነው የሚቀዘቅዘው፤ በዚያው ደቂቃ ውስጥም ፍጥነቱ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ እርምጃችንን ግማሽ ደቂቃ ብናደርገው መልሱ 48.3 ይሆናል። 6 ሰከንድ ብናደርገው 48.8 ይሆናል። በሒሳብ ቀመር በትክክል ሲሠራ 48.9 ነው። እርምጃው ባነሰ ቁጥር መልሱ ወደ እውነቱ እየቀረበ ሄደ ማለት ነው።

በተቃራኒው ብንሄድስ? ለአዲስ ተማሪዎች ለማሳየት ሆን ብለን እርምጃውን 25 ደቂቃ እናደርገዋለን። ኮምፒዩተሩ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ከዜሮ በታች 72.5 ዲግሪ ነው። ቡናው በረዶ ሆነ! ቀጥሎ ያለው መልስ ደግሞ 171 ዲግሪ ነው። ከበረዶ ተነስቶ ከሚፈላ ውሃ በላይ ጋለ። ከዚያ በኋላ እየባሰበት ይሄዳል። ልጆቹ ይስቃሉ። ኮምፒዩተሩ ግን አይስቅም፣ አይደነግጥም፣ «ተሳሳትኩ» አይልም። ቁጥሩን አሳምሮ ይጽፋል፤ ከፈለጋችሁም በቀይና በሰማያዊ መስመር ሥዕል አድርጎ ይሰጣችኋል።

እኛ የሳቅነው ቡና ስለምናውቅ ነው። አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪቀርብ ድረስ ሲኒው በረዶ እንደማይሆን ማንም ያውቃል። ግን ሲሙሌሽኑ ማንም በዓይኑ ስላላየው ነገር ቢሆንስ? ስለሚመጣው ወር ወረርሽኝ ወይም በሰውነታችን ውስጥ ስላለ አንድ ፕሮቲን ቢሆንስ? ያን ጊዜ ማን ይስቃል? ማንስ «ይሄ ሊሆን አይችልም» ይላል?

ይሄ ደግሞ ሩቅ ነገር አይደለም። በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ቤት ተዘግቶብን ነበር። ሠርግ ተሰረዘ፣ ለቅሶ ቤት መድረስ ቀረ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ያን ሁሉ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚወጡና የሚወርዱ መስመሮች እናይ ነበር። ከነዚያ መስመሮች አንዳንዶቹ የሲሙሌሽን ውጤቶች ናቸው። በዓለም ላይ ብዙ ከተወራላቸው አንዱ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የተሠራው ነው። በማርች 16 ቀን 2020 የወጣው ዘገባቸው፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በብሪታንያ ብቻ እስከ 510,000 ሰው ሊሞት ይችላል ይል ነበር። ዘገባው ታተመ፤ ያሰላው ፕሮግራም ግን ያን ጊዜ ለሕዝብ ክፍት አልነበረም። ፕሮግራሙ ከ13 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ለኢንፍሉዌንዛ የተጻፈ፣ ብዙ ሺህ መስመር ያለው፣ ማብራሪያ ያልተጻፈለት እንደነበር ራሱ ጻፊው ተናግሯል። ብዙ ሳይንቲስቶችና የኮምፒዩተር ሰዎች «አሳዩን» አሉ። በኤፕሪል መጨረሻ ላይ ተስተካክሎ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ከዚያ በኋላ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያለ ሌላ ተመራማሪ ፕሮግራሙን ራሱ አስኪዶ የዘገባውን ዋና ዋና ውጤቶች መልሶ እንዳገኘ አረጋገጠ።

ይሄን ስንናገር ትንበያው ልክ ነበር ወይም ስህተት ነበር ለማለት አይደለም። ቁጥሩ ደግሞ መውጣቱ ስሌቱ እንዳልተዛባ ያሳያል እንጂ ዓለም እንደዚያው ትሄዳለች ማለት አይደለም። ማለት የፈለግነው ይሄን ነው፦ ከመከፈቱ በፊት ክርክሩ «አምናለሁ፣ አላምንም» ነበር። ከተከፈተ በኋላ ግን «ይሄኛው መስመር ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ተቻለ። ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። የመጀመሪያው የእምነት ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው የእውቀት ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ፕሮግራም በሁለት ዓይነት መንገድ ሊሰጣችሁ ይችላል። አንደኛው ተዘግቶ ነው። ትጠቀሙበታላችሁ፣ ውስጡን ግን አታዩም። ሁለተኛው ክፍት ነው። የተጻፈበት ኮድ አብሮ ይሰጣችኋል። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ ግኑ የሚባለውን ሥራ አስታወቀ፤ ከጊዜ በኋላም የዚህን መብት ነገር በግልጽ አስቀመጠው። ፕሮግራሙን ለፈለጋችሁት ሥራ ማስኬድ፣ ውስጡን ማየት፣ መለወጥ፣ ለሌላ ሰው ማካፈል። አራቱ ነጻነቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

እናቶቻችን ይሄን ከኛ በፊት ያውቁታል። እንጀራ ከሱቅ መግዛት ይቻላል፤ በልታችሁት ያልቃል። እርሾ ከጎረቤት ማግኘት ግን ሌላ ነው። እርሾ የሰጠች ጎረቤት የሷ አይጎድልባትም። የተቀበለችው ደግሞ ነገ በራሷ እጅ፣ በራሷ ዱቄት ታቦካለች፤ ጤፍ ካጣች ሌላ ዱቄት ትቀላቅላለች፣ ከወደደችው ለሌላ ታካፍላለች። ክፍት የሆነ ፕሮግራም እንደ እርሾ ነው።

በዚህ መንገድ የተሠሩ የሳይንስ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። እኛ የጀመርነው በግኑ ኦክታቭ ነው። ይሄን ፕሮግራም የጻፈው ጆን ኢተን የኬሚካል ምሕንድስና ሰው ነው። መጀመሪያ የታሰበው ተማሪዎች ስለ ኬሚካል ማብሰያ የሚማሩበትን መጽሐፍ እንዲያግዝ ነበር፤ በ1992 ሥራው በሙሉ ጊዜ ተጀመረ። ስሙን ያገኘው ከሙዚቃ አይደለም፣ ኦክታቭ ሌቨንስፒል ከሚባሉት የኢተን መምህር ነው። ቋንቋው ዩኒቨርሲቲዎች ገዝተው ከሚያስተምሩበት ማትላብ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል፣ አንዱን ያወቀ ሌላውን ለመልመድ አይቸገርም። ከዚያ ወደ ፓይተን ሄድን። ፓይተን ራሱ በ1991 የወጣ ክፍት ቋንቋ ነው። ለቁጥር ሥራ ናምፓይና ሳይፓይ፣ ሥዕል ለማውጣት ማትፕሎትሊብ የሚባሉ ተጨማሪዎች አሉት። ሁሉም ያለ ክፍያ ይገኛሉ፣ ሁሉም ክፍት ናቸው። የቡናውን ስሌት ለመሥራት አዲስ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ሰው የጣለው አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል።

አንዳንድ ወላጆች «ይሄ የትልልቅ ሊቃውንት ሥራ አይደለም ወይ?» ይሉናል። እውነት ነው፣ የትልልቅ ሊቃውንትም ሥራ ነው። ግን እዚሁ አገራችን የሆነውን ስሙ። በእስራኤል የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ዋይዛክ ይባላል። በረሖቮት፣ በዋይዝማን ኢንስቲትዩት ተሠርቶ በ1955 ሥራ ጀመረ። ፕሮፌሰር ሐይም ፔከሪስ የውቅያኖስ ውሃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚል ያሰሉበት ነበር። ውቅያኖስን ቤተ ሙከራ ውስጥ አስገብቶ መለካት አይቻልማ! ስለዚህ አስመሰሉት።

ዋይዛክ ሲያረጅ ጎሌም የሚባል ኮምፒዩተር ተተካ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ በዚሁ ኢንስቲትዩት ሁለት ወጣቶች የሞለኪውሎችን ቅርጽና እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር ማስላት ጀመሩ። አንደኛው አሪዬ ዋርሼል፣ የኪቡጽ ልጅ ነው። ሁለተኛው ማይክል ሌቪት፣ ከደቡብ አፍሪካ የተነሳ፣ ያን ጊዜ ገና 20 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነበር። በ2013 ሁለቱ ከማርቲን ካርፕለስ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ የተሰጣቸው ለሲሙሌሽን ሥራ ነው። ያን ጊዜ እነሱ ለሠሩት ዓይነት ስሌት አገር ያለውን ኮምፒዩተር ይፈልግ ነበር። ዛሬ ግን በኔዘርላንድ፣ በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ግሮማክስ የሚባል ክፍት ፕሮግራም አለ። አንድ ትንሽ ፕሮቲን በውሃ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ በላፕቶፕ ላይ ማስኬድ ይቻላል። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። የቀረው መግባት ነው።

እኛ ግን ከፕሮቲን አልጀመርንም። ከጣሪያችን ላይ ካለው ከዱድ ሼሜሽ ነው የጀመርነው። ዱዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1980 በዚህ አገር አዲስ የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች በአብዛኛው እንዲኖራቸው በሕግ ተደነገገ። በክረምት ደግሞ ማብሪያውን ስለ መጫን በየቤቱ ክርክር አለ። ልጅ አብርቶ ይረሳል፣ አባት ሂሳቡ ሲመጣ ይቆጣል።

ኮምፒዩተር ከመክፈታችን በፊት መጀመሪያ በእጅ አሰላን። ይሄ ደንባችን ነው፤ በእጅ ያልተሞከረ ነገር ወደ ኮምፒዩተር አይገባም። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,186 ጁል ኃይል ያስፈልጋል። ዱዱ 150 ሊትር ከሆነ ለአንድ ዲግሪ 628,000 ጁል ገደማ ነው። ጥርት ባለ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ትሰጣለች። የጣሪያው ሰሌዳ ሁለት ካሬ ሜትር ቢሆንና ግማሹ ኃይል ውሃው ውስጥ ቢገባ፣ 1,000 ዋት እናገኛለን። ይሄ በሰዓት 3,600,000 ጁል ነው። ስናካፍለው ውሃው በሰዓት 5.7 ዲግሪ ይሞቃል። በኤሌክትሪክ ከሆነ፣ ማሞቂያው 2,500 ዋት ቢሆን፣ በሰዓት 14.3 ዲግሪ ይሆናል። እንግዲህ ሙሉውን ዱድ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ በላይ የበራ ማብሪያ ውሃውን ከ40 በላይ ያሞቃል እንጂ ለመታጠብ አያስፈልግም።

ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሩ ሄድን። ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ፣ ቀትር ላይ ከፍ ብላ፣ ማታ ጠልቃ፣ ሌሊት ደግሞ ዱዱ ሙቀቱን ቀስ እያለ ሲያጣ፣ ይሄን ሁሉ በየደቂቃው አስገባን። አንድ ቀን 1,440 እርምጃ ማለት ነው። መስመሩ ጠዋት ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ጫፍ ላይ ደርሶ ማታ ሲወርድ በግድግዳው ላይ አሳየን።

አንዲት እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በሩ አጠገብ ቆመው ያዩ ነበር። «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር መስታወቱ ላይ ያለውን አቧራ ያውቃል?» አሉን። ሁላችንም ዝም አልን። «ከሐምሲን በኋላ ውሃው እንደ በፊቱ አይሞቅም። እኔ ካልታጠበ አይሆንም እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም» አሉ። ኮምፒዩተሩ ስለ አቧራ ምንም አያውቅም ነበር። ማንም አልነገረውማ! ፕሮግራሙን ከፍተን ወንበር ሰጠናቸውና አጠገባቸው አንድ መስመር ጨመርን። አቧራው ከፀሐዩ አንድ አሥረኛውን ይከለክላል ብለን ስናስኬደው፣ የእኩለ ቀኑ 5.7 ዲግሪ ወደ 5.2 ወረደ። አንድ አሥረኛ ያልነው በግምት ነው። ትክክለኛውን ለማወቅ ቴርሞሜትር ይዞ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ መስታወቱ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ መለካት ያስፈልጋል። እሱን የዚህ ዓመት ሥራ አድርገነዋል፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ትልቅ ሰው አብሮን ካለ።

ይሄን የምንነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? እኚህ እናት በማቴማቲካ ባግሩት የላቸውም። ከኛ ሁሉ የበለጠ ጥያቄ የጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው። የሳይንቲስት ጥያቄ ነው የጠየቁት፦ «ምን ተረሳ?» የትኛውም ሲሙሌሽን የሆነ ነገር ይተዋል። የተተወውን ለማየት ሕይወትን የኖረ ሰው ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ዝግ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጥያቄያቸው እዚያው በሩ ላይ ቀርቶ ነበር። ክፍት ስለሆነ ውስጡ ገባ።

እንግዲህ ለሁለት ወገን የምንለው አለን።

ለእናንተ ለወጣቶች፦ ከመካከላችን «ላንቺ ሦስት የሒዶት ይበቃሻል»፣ «አምስት የሒዶት ላንተ ይከብዳል» የተባለ ብዙ ነው። ይሄን የሚሏችሁ ሁሉ ክፉ አስበው ላይሆን ይችላል። ግን እናንተም ሳትሞክሩ «እሺ» አትበሉ። የቡናውን ስሌት ማባዛትና መቀነስ የሚችል ሁሉ ይሠራዋል። ያን የሠራ ልጅ ደግሞ አምስት የሒዶት ላይ የሚመጣውን የለውጥ ፍጥነት የሚባለውን ትምህርት በእጁ ነክቶታል፤ ቃሉን ሲሰማ አይደነግጥም። ስትሠሩም ሦስት ነገር አትርሱ። እርምጃውን አሳንሳችሁ ድገሙት፣ መልሱ ብዙ ከተለወጠ አትመኑት። ቀላሉን ክፍል በእጅ አስሉት። ከዚያም ለጓደኛ ስጡትና በራሱ ኮምፒዩተር ያስኪደው፤ የሱ ካንተ ከተለየ ገና አልጨረሳችሁም።

ለእናንተ ለወላጆች፦ ልጅ ኮምፒዩተር ላይ ተጎንብሶ ስታዩ ጨዋታ ይሁን ሥራ መለየት እንደሚያስቸግር እናውቃለን። ስለዚህ ጠይቁት። «ምንድን ነው የምታስመስለው? ምን አስገባህ? ምን ተውክ? በእጅህ ሞክረኸዋል?» በሉት። በአማርኛ ጠይቁት፣ በአማርኛ ይመልስ። በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ የተማረውን ለእናቱ በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ልጅ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው። ካልቻለ ቃሉን ይዟል እንጂ ነገሩን ገና አልያዘም። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ዲግሪ አያስፈልግም።

ከእንግዲህ ስለ ጤናችን፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድና ስለ ቤት የሚወሰነው ነገር ብዙው በኮምፒዩተር ተሰልቶ ነው የሚመጣ። ሥዕሉን አይቶ «እነሱ ያውቃሉ» ብሎ መቀመጥ ይቻላል። «ኮዱን አሳዩን፣ አቧራውን አስገብታችኋል ወይ?» ብሎ መጠየቅም ይቻላል። እኛ ሁለተኛውን የሚያደርግ ትውልድ እንዲኖረን ነው የምንፈልገው።

የኮምፒዩተር ምሽቱ ለሁሉም ክፍት ነው። ላፕቶፕ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የሌላችሁ ያለንን እንካፈላለን። እናቶችና አባቶች ደግሞ በሩ ላይ አትቁሙ፣ ግቡ። ወንበር አለ፣ ቡናም ይፈላል።